አራት ገጽ

በፍተሻው ወረቀት ግርጌ የፈረመው ወንድ ነበር።

ይህን ያየሁት ወረቀቱ ከተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የልጄን የሚራክልን የክትባት ካርድ ፍለጋ የእናቴን ሳጥን ስበረብር ነው። ካርዱ ጠፋ፣ ትምህርት ቤት አይቀበሏትም፣ ዓመቱ አለፈባት እያልኩ ልቤ ይመታ ስለነበር መጀመሪያ አልፌው ሄድኩ። እኔ ክፉ ክፉውን ቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ክፉው ሳይመጣ ሲቀርም «ዛሬስ አመለጥኩ» እላለሁ እንጂ ደስ አይለኝም። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። «ፈታሽ፦ ለሜሳ» ይላል፤ ከጎኑ ፊርማ አለ። በልጅነቴ በእጄ ይዤው ነበር። አንብቤውም ነበር። ማየት ግን ሌላ ነው።

እናቴ ወርቅነሽ አቃቂ ውስጥ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ከፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯም ቅንድቧም የጥጥ ብናኝ ለብሶ ነጭ ይሆናል። እኔ ፋብሪካው ሰው የሚያረጅበት፣ ቤት ያለው የውኃ ባልዲ ደግሞ ወጣት የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን በር ላይ ሄጄ እጠብቃታለሁ። የወጪዎቹ ሰልፍ ሁለት ነው። ወንዶቹ ሜዳው ላይ እጃቸውን ዘርግተው በዘበኛ ይፈተሻሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከቆሸሸ አረንጓዴ መጋረጃ ኋላ ይገባሉ፤ እዚያ ሴት ፈታሽ አለች። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትወጣ «ዛሬም ከስተሻል አለችኝ፤ ሚዛን ሆነችብን እኮ» ትልና ከጓደኞቿ ጋር ትሳሳቃለች። ከዚያ መጋረጃ ኋላ ወንድ ሲገባ ያየ የለም። ቢገባ ሴቶቹ በጫማ ያስወጡት ነበር።

ይህን አውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝ ማወቄ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ እናቴ አንድ ቀን ከሰዓቷ ቀድማ ቤት ገባች። ፀጉሯ ጥቁር ነበር። በዚያ ብቻ አንድ ነገር እንደተበላሸ አወቅኩ። በዋዜማው ማታ ሁለት ጥቅል ክር በቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ስትወጣ ተይዛለች ተብላ ታግዳለች። የከሰሳት የፈረቃ ኃላፊዋ ሰይፈሥላሴ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ የሚያዝ ደብዳቤና የፍተሻው ወረቀት ግልባጭ ይዛ ነበር።

በማግስቱ የቧንቧው ሰልፍ ላይ አንዷ «ክር ካላችሁ አንድ ዘለላ ስጪኝ፣ ቁልፌ ተበጠሰ» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ልጅ ምን ያህል ቂም መያዝ እንደሚችል ትልቅ ሰው ይረሳል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይፈሥላሴን ስገድለው ነው የሰነበትኩት። አንድ ቀን በባቡር አስጨፈለቅሁት፤ ነገር ግን ባቡሩ ያን ጊዜም አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣው፣ እሱም ሐዲድ ላይ አይተኛም። አንድ ቀን አቃቂ ወንዝ ውስጥ ጨመርኩት። ሁልጊዜም በሕይወት ይመለስብኛል።

እናቴ ይዛኝ ወደ ጋሼ ገብረጻድቅ ሄደች። ጋሼ ገብረጻድቅ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ጥግ፣ ከእትዬ ዙለይኻ ሱቅ ጎን፣ በሰማያዊ ሸራ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጣቢያው ውስጥ ቴሌግራም ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ቀኝ እጃቸው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታሉ።

«ወርቅዬ፣ ሁሉንም ንገሪኝ» አሏት። «ምንም አታስቀሪ። የሚቀረውን እኔ አስቀረዋለሁ።»

እናቴ ተናገረች፤ እሳቸው ጻፉ። ሦስት ገጽ ሞላ። በየመስመሩ ሰይፈሥላሴ ይረገማል። እኔ ከጎኗ ቆሜ፣ አሁን ገና ሰውየው የሚሞትበትን ነገር አገኘን ብዬ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ።

«"ከሰይጣን የከፋ ነው" ብለሻል። ማን አየ?»

«ምኑን?»

«ሰይጣኑን።»

እትዬ ዙለይኻ ከሱቋ መስኮት ሆና ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። «እሱ ሌባ ብሎኝ የለም እንዴ፣ ጋሼ? እኔ ሰይጣን ብለው ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። ቤትሽ ሆነሽ በይው። እዚህ ከጻፍነው ግን ኮሚቴው ሰይጣኑን ሲፈልግ ሰውየው ያመልጠናል።» ሰረዙት። ቀጥለው የሚቀጥለውን ሰረዙ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ነበራቸው፤ ማን አየ፣ ቢወጣስ ምን ይጎድላል። ሁለቱን ያላለፈ ይወጣል። የተረፈውን ደግሞ ቦታ ያስይዙታል፤ መጀመሪያ የተባለው ነገር፣ ቀጥሎ ሐሰትነቱ በምን እንደሚታወቅ፣ በመጨረሻ ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ። ከአንድ ገጽ በላይ ጽፈው አያውቁም። «ባለሥልጣን ገጽ አይገልጥም» ይላሉ።

እናቴ ፊቷ ሲጠቁር አይተው ወረቀቱን አስቀመጡ። «ጣቢያው ውስጥ መርዶ በሦስት ቃል ነበር የምናስተላልፈው። "አባትህ አረፈ፣ ና።" ተቀባዩ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል። ሃያ ቃል ብንጨምርለት ማንበብ ይጀምርና ማልቀሱን ይረሳዋል።»

ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሱ። «"ስቶር ግቢ ያለኝን እምቢ ስላልኩት"...» ብለው ቆም አሉ። እኔን አዩኝ። «ፍቅርተ፣ ከእትዬ ዙለይኻ ክብሪት አምጪልኝ።»

«ክብሪት አለዎት» አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሌላ» አሉኝ።

እትዬ ዙለይኻ ያን ቀን ክብሪት ጠፋባት። ዓይኗን ጨፍና ዕቃ የምታወርድ ሴት፣ በርጩማ ላይ ቆማ የሳሙናውን መደርደሪያ ስትደባብስ ቆየች። «ተቀመጪ» ትለኛለች፣ «አይ፣ እዚያ አይደለም፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ።» ሞኝ መሰለችኝ። ስመለስ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ በቀይ ተሰርዟል። ጋሼ ገብረጻድቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስላልሆነ አይደለም፣ ልጄ። ሆኗል። ግን ማን አየ ሲሉሽ...» ይሏታል፤ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

ስቶር መግባት ማለት ለእኔ ተጨማሪ ዕቃ መሸከም ነበር። እናቴ አልሸከምም በማለቷ የተባረረች መስሎኝ፣ ሽማግሌው ያን እውነት ሰርዘው አስለቀሷት ብዬ ጠላኋቸው። ዛሬ ልጅ ወልጄ፣ ስቶር ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ። የሰረዙትም ጽሑፉ እሱን ትቶ እሷን እንደሚበላት ስላዩ ነው።

የቀረው አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ሁለት ጥቅል ክር ይዛ ስትወጣ በፍተሻ ተገኘች ተብያለሁ። በፋብሪካው ደንብ ሴት ሠራተኛ የምትፈተሸው በሴት ነው። የእኔን የፍተሻ ወረቀት የፈረመው ወንድ ነው። በዕለቱ ተረኛ የነበረችው ሴት ፈታሽ ተጠርታ ትጠየቅልኝ። እስክትጠየቅ እግዱ ይነሣልኝ።»

«ይኸው ነው?» አለች እናቴ።

«ይኸው ነው። ይህን መመለስ አይችሉም።»

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በንጹሕ ወረቀት የመገልበጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ቀዩንም ንጹሑንም ወረቀት ሰጥተውኝ «አንድ ቃል አትጨምሪ፣ አንድ ቃል አትቀንሺ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ደብተሬን መርሳቴ ትዝ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰይፈሥላሴ ሸራው ሥር ነበር። በርጩማውን በነጭ መሐረብ ጥርግ ጥርግ አድርጎ ተቀመጠ። «አባቴ» ሲላቸው ሰማሁ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ጋሼ ገብረጻድቅም ያን እጅ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት። ከጀርባ ነው ያየሁት። ደብተሬን ሳልወስድ ሮጥኩ። ተሸጠዋል። ለዚህ ነዋ ሁሉን የሰረዙት።

እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ሰይጣኑን መለስኩት። የስቶሩን አንቀጽ እንዳለ መለስኩት። የሰይፈሥላሴ ቤት እንዲፈርስ የሚለውን እርግማንም ጨመርኩ። ገጹ ሊሞላ ሆነ፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም የሚለው የጋሼ ደንብ ደግሞ በሆነ ምክንያት የሚከበር መሰለኝ። አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። ደም የሌለበትን ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ። ደንብ፣ ፈታሽ፣ ፈረመ የሚሉት ደረቅ ነበሩ፤ አወጣኋቸው። በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያን ቀን አምሮ የወጣልኝ ጽሕፈት የለም።

እናቴ ከመሠረተ ትምህርት የተረፋት ፊደል ለፊርማ ያህል ነበር። «ጋሼ የጻፉት ነው» ብላ ሳታነብ ፈረመች።

ኮሚቴው ፊት የቀረበች ዕለት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዙለይኻ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ የማጠና መሰልኩ።

«ሰባት ወንድ ፊት አነበቡት» አለች እናቴ።

«ስቶሩንም?»

«ስቶሩንም። አንዱ "ማን አየ?" አለ። ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።»

«ጋሼ ሰርዘውት አልነበረም እንዴ?»

«መልሰው አስገቡት። ሸጡኝ፣ ዙለይኻ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ወጥቼ መናገር እችል ነበር። አልፈራሁም፤ እውነቴን ነው። ያጠፋሁ አልመሰለኝም። የእኔ ደብዳቤ ጥሩ ነበር፤ ኮሚቴው ሳቀ ማለት ጋሼ ገብረጻድቅ ከሰይፈሥላሴ ጋር ሆነው ቀድመው አበላሽተውታል ማለት ነው። እናቴ በሌብነት ተባረረች። ወረቀቷ ላይ «በእምነት ማጉደል» ተብሎ ስለተጻፈ ሌላ ፋብሪካ አልቀጠራትም። እኔም ሰይፈሥላሴ ላይ መድረስ ሲያቅተኝ ወደምደርስበት ዞርኩ።

ቧንቧው ሰልፍ ላይ ሄጄ ያየሁትን ተናገርኩ። ያላየሁትንም ጨመርኩ፤ እጅ ለእጅ ሲያያዙ መሐላቸው ፖስታ ነበር አልኩ። ፖስታ አላየሁም። ማን አየ የሚል ግን ሰልፉ ላይ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ማመልከቻውን ከመንገዱ ማዶ ማስጻፍ ጀመረ። ሽማግሌው በባዶ ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው ሲመቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ይህንን ማስተባበል አልፈልግም፤ እንደ ስኳር ነበር የሚጣፍጠኝ።

አንድ ከሰዓት ቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ ልክ ስታያቸው በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው። እኔ ውጭ ነበርኩ፤ ልብስ አሰጣለሁ። ቆመው አዩኝ። ኮሚቴው በፋብሪካው በር ላይ የለጠፈውን የእናቴን ውሳኔ አንብበውታል፤ እሳቸው የሰረዙትን ቃል ሁሉ ጠቅሶ ነበር።

«እጅሽ ያምራል» አሉኝ። «ዓይንሽ ነው የሚቸኩለው።»

ሙገሳ መሰለኝና ኮራሁ። ክረምት ሲገባ ሸራው ተነሣ። ለእናቴ አንድ ቃል ሳይነግሯት ሞቱ።

ሳጥኑን በከፈትኩ ማግስት እትዬ ዙለይኻን ጠየቅኋት። ዛሬ ሁለታችንም ቃሊቲ፣ ቀላል ባቡሩ የሚያበቃበት አካባቢ ጎን ለጎን ነን፤ እሷ ሱቅ፣ እኔ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ። እኔም ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከአንድ ገጽ አላሳልፍም። ከማን ተማርሽ ሲሉኝ፣ ከሥራው እላለሁ።

«ያን ቀን ምን ሊል የመጣ መሰለሽ?» አለችኝ እትዬ ዙለይኻ። «"የሴትዮዋን ጽሑፍ ያሳዩኝ፣ የእኔንም እርስዎ ይጻፉልኝ" ነው ያለው። የታጠፈ ነገር እጃቸው ውስጥ ከተተ። ጋሼ መልሰው መዳፉ ውስጥ አስጨብጠውት "በሁለት ቢላ አልበላም" አሉት።»

«ለእናቴ ለምን አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት እንጂ። "የተሰረዘውን ታዲያ ማን መለሰው?" አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።» ወደ እጄ አየች። ሁለተኛ አንሥታውም አታውቅም። እናቴ ዛሬም የጋሼ ገብረጻድቅ ስም ሲነሣ ትተፋለች። አልነገርኳትም።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ወደ ሱቄ ገባ። ወንበሩን ከመቀመጡ በፊት በመሐረብ ጥርግ ጥርግ አደረገው። መታወቂያውን ሳይሰጠኝ አወቅሁት።

«ማመልከቻ ነው፣ ልጄ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ወረዳ ካልገባ ያፈርሱብኛል።»

«ይንገሩኝ፣ አባት። ሁሉንም» አልኩት። በአፌ አንቱ አልኩት፤ በልቤ ግን አንተ ነበር።

ኤባ የሚባል ጎረቤቱ «የጓሮውን ክፍል በ2004 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ሠራው» ብሎ አመልክቶበታል። ክፍሉ ውስጥ እግሯ የማይንቀሳቀስ ሚስቱ ትተኛለች። ወረቀቶቹን ከፌስታል አውጥቶ ዘረገፈልኝ። ከመካከላቸው አንድ የመብራት ቆጣሪ ውል አገኘሁ። ለጓሮው ክፍል የገባ ነው። ቀኑ 1995 ነው። በ2004 ተሠራ የተባለ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ቆጣሪ ገብቶለታል።

እዚያ ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። መመለስ አይችሉም።

ውሉን አጥፌ ወደ ፌስታሉ መለስኩት።

«ጎረቤቴ መተተኛ ነው» አለኝ ሰይፈሥላሴ። «ይጻፍ?»

«ይጻፍ።»

«ቀናተኛ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር። ይሄም ይግባ?»

«የፈለጉት ሁሉ ይገባል።»

«አንዲት ቃል እንዳትቀንሺብኝ።»

«አልቀንስም» አልኩት። አልቀነስኩምም። መተቱን፣ ቅናቱን፣ የኤባን አባት፣ የሚስቱን እግር፣ የመንግሥትን ግፍ፣ ሁሉንም ጻፍኩለት። አራት ገጽ ሞላ። ሳነብለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሚነበበው በሰው ፊት እንደሆነ፣ አንዱ ማን አየ እንደሚል፣ ሌላው እንደሚስቅ ታየኝ። አንገቴን ደፍቼ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«እንዳንቺ የሰማኝ የለም» አለ ሲነሣ። «እግዜር ልጅሽን ያሳድግልሽ።»

ልጅ እንዳለኝ አልነገርኩትም። ግድግዳው ላይ ፎቶዋን አይቶ ይሆናል። ከወጣ በኋላ ወዲያው ስልኬን አንሥቼ ለትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሾፌር ደወልኩ። አይነሣም። ሁለተኛ ደወልኩ። «ቤት አድርሻታለሁ፣ አያቷ ተቀበለቻት» አለኝ። እጄ ግን አላረፈም። ቁጭ ብዬ ሳላስበው ጻፍኩ፤ የተባለው፣ ሐሰትነቱ የሚታወቅበት፣ የሚጠየቀው። አምስት ዓረፍተ ነገር። አተምኩት፤ ግማሽ ገጽ አልሞላም።

እትዬ ዙለይኻ ሱቋን ዘግታ ገባች።

«እሱ ነው አይደል? የሚስቱን ነገር ሲነግርሽ በግድግዳው ሰማሁት።»

«እሱ ነው።»

«ስንት ገጽ ጻፍሽለት?»

«አራት።»

«አራት?» አለችና ወንበሩን ያዘች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግማሽ ገጽ ላይ አረፈ። «ይሄስ?»

«ይሄ የጋሼ ነው።»

ከመስኮቱ ባሻገር የሚኒባሱ ሰልፍ ይታያል። ከዘራው ከሰው መሐል ብቅ ብሎ ይታየኛል፤ አራቱን ገጽ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ስድስት ሰው ከፊቱ አለ።

«ብትሮጪ ትደርሺበታለሽ» አለች እትዬ ዙለይኻ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ሚስቱ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«ጋሼ ቢሆኑ...»

«ቢሆኑ» አልኳት።

ሚኒባስ መጣ። ሰልፉ ተጠጋ። ከፊቱ ሁለት ሰው ቀረ። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ የተቀመጠችበት አልጋ ታየኝ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና የምታጠና የምትመስለው ልጅም ታየችኝ። ከሁለቱ ለየትኛዋ ልበቀልላት እንደፈለግሁ፣ የትኛዋን ደግሞ ልበቀላት እንደፈለግሁ አላውቅም። ከዘራው መጀመሪያ ገባ፤ ቀጥሎ እሱ።

እትዬ ዙለይኻ ደኅና እደሪ ሳትለኝ ወጣች። ማመልከቻው ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል፤ ሱቄ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው። ግማሹን ገጽ ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ የማስያዣ ድንጋይ ጭኜ ተውኩት።

አጠፋሁ። ወጣሁ። ቆለፍኩ።